ቺፑ እውነተኛ ነውን? የመሣሪያ ወሬና የፈተናው መንገድ

ዋጃ ከወልዲያ ተነሥቶ በቆቦ በኩል ወደ አላማጣ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። የራያ ሜዳ ማሽላና ጤፍ በዚህ መንገድ ወደ ገበያ ይወጣል፤ በዚሁ መንገድ ከመርካቶ የተጫነ ኤሌክትሮኒክስ ይገባል። ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የተሻገሩ ወንድሞችና እኅቶች ከጂዳና ከሪያድ የሚልኩት ስልክ፣ ታብሌትና በእጅ የሚያዝ የጨዋታ መሣሪያም የሚደርሰው በዚሁ ነው። መንገድ ባለበት ዕቃ አለ፤ ዕቃ ባለበት ደግሞ ወሬ አለ። ብዙ ጊዜም ወሬው ከዕቃው ቀድሞ ይደርሳል።

ከእነዚህ ወሬዎች አንዱ በየዘመኑ መልኩን እየለወጠ የሚመለስ ነው። «አንዲት ትንሽ ቺፕ ወጥታለች፤ በእጅ በሚያዘው ጌም ውስጥ ከገባች ጨዋታው ሁሉ ያለ ክፍያ ይከፈታል» ይላል። ወሬው ትናንት ስለ ፒኤስፒ ነበር፤ ከዚያ ስለ ኒንቴንዶ 3ዲኤስ፣ በኋላም ስለ ኒንቴንዶ ስዊች ሆነ። የሚገርመው ወሬው አንዳንድ ጊዜ ፍጹም እውነት፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ፍጹም ቅጥፈት ሆኖ መገኘቱ ነው። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ገንዘቡን አጠራቅሞ የሚጠብቀው ወጣት ግን ልዩነቱን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። የአንድ መሣሪያ እውነተኛነት ወሬው በመጣፈጡ፣ ተናጋሪው በመማሉ ወይም ቪዲዮው በማማሩ አይታወቅም። የሚታወቀው ሐሰት ቢሆን ኖሮ ሊያጋልጠው በሚችል ፈተና ውስጥ አልፎ ሲገኝ ነው። ይህን መንገድ ለመማር ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ጥቂት ጥያቄዎችንና ትዕግሥትን ማወቅ ይበቃል ብለን እናምናለን።

ቺፕ ምን ያደርጋል?

ወሬውን ከመመዘናችን በፊት ነገሩ ራሱ ምን እንደሆነ እንረዳ። የጨዋታ መሣሪያ አንድ ዲስክ ወይም ካርድ ሲገባለት «ይህ የአምራቹ ነውን?» ብሎ ይጠይቃል። ትክክለኛ መልስ ካላገኘ ጨዋታውን አይከፍትም። ማሻሻያ ቺፕ የሚባለው በዚህ ጥያቄና መልስ መካከል ገብቶ መሣሪያውን የሚያሳምን ተጨማሪ ኤሌክትሮኒክ አካል ነው።

ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1994 በጃፓን ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በዋናዎቹ ዲስኮች መነሻ ላይ የትራኩ መስመር በጣም በጥቂቱ እንዲወዛወዝ ተደርጎ ነበር። በዚያ ውዝዋዜ ውስጥ ዲስኩ የጃፓን፣ የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ መሆኑን የሚናገሩ አራት የላቲን ፊደላት ተቀርጸዋል። ተራ የዲስክ መቅጃ ያንን ውዝዋዜ መሥራት ስለማይችል የተቀዳው ዲስክ መልስ አልባ ሆኖ ይቀራል። የቺፑ ሥራ እነዚያን አራት ፊደላት በኤሌክትሪክ ምልክት መልክ ራሷ ለመሣሪያው መናገር ነበር። ለዚህም ስምንት እግር ብቻ ያላት ርካሽ ማይክሮኮንትሮለር በቂ ሆና ተገኘች።

ከዚህ ምሳሌ የምንይዘው ቁም ነገር አለ። እውነተኛ ቺፕ ተአምር አይሠራም። አንድ የታወቀ በር አለው፤ በዚያ በር የሚገባበትም ምክንያት ሊነገር ይችላል። በእጅ በሚያዙት መሣሪያዎች ላይ ደግሞ በሩ ጠባብ ነው። ፒኤስፒን እንውሰድ። መሠረታዊ ሶፍትዌሩ በውስጡ ባለ ፍላሽ ሚሞሪ ተቀምጧል፤ የሚያስኬዳቸው ፕሮግራሞችም ለራሱ ብቻ በተዘጋጀ ምስጢራዊ ቁልፍ የታሸጉ ናቸው። ስለዚህ «ለፕሌይስቴሽን ቺፕ ከነበረ ለፒኤስፒም ይኖራል» የሚለው አነጋገር ማስረጃ አይሆንም። የአንዱ ቤት ቁልፍ የሌላውን አይከፍትምና።

የሚመስለው ሐሰት፣ የማይመስለው እውነት

ፒኤስፒ በጃፓን ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2004 ነው። በመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ላይ ወጣቶች በቤታቸው የጻፏቸውን ፕሮግራሞች ማስኬድ ይቻል ነበር። አምራቹ ሶፍትዌሩን እያደሰ በሮቹን ዘጋ። በ2005 አጋማሽ 2.0 የተባለው ሶፍትዌር ሲወጣ የብዙዎች ምኞት ወደ ቀድሞው 1.5 መመለስ ሆነ። በዚያው ዓመት ይህን የሚያደርግ እውነተኛ መንገድ ተገኘ፤ መሣሪያው አንድ ዓይነት የሥዕል ፋይል ሲያነብ በሚፈጥረው ስሕተት የሚጠቀም ነበር።

ጥቂት ሳምንታት አለፉና በኦክቶበር 2005 «እኔም ወደ 1.5 እመልሳለሁ» የሚል ሌላ ፕሮግራም ተሰራጨ። የተስፋው ቃል አንድ ዓይነት ነበር፤ ሥራው ግን የመሣሪያውን ወሳኝ የሲስተም ፋይሎች መሰረዝ ነበር። ያስገቡት ሰዎች መሣሪያቸው ዳግመኛ የማይነሣ ጡብ ሆኖባቸው ቀረ። የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያው ሲማንቴክ ስለዚሁ ተንኮል አዘል ፕሮግራም በዚያው ወር ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ልብ በሉ፦ ሐሰቱ ተማኝ የሆነው ከአንድ እውነት አጠገብ ስለቆመ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ተመሳሳይ ነገር በእርግጥ ሠርቶ ስለነበር ሁለተኛውን ለመፈተን ያሰቡት ጥቂቶች ነበሩ።

በ2006 ደግሞ ለፒኤስፒ እውነተኛ ቺፕ ተገኘ። «አንዳይሉትድ ፕላቲነም» የተባለው ይህ ቺፕ ሁለተኛ ፍላሽ ሚሞሪ በመጨመር ባለቤቱ ከሁለት ሶፍትዌሮች አንዱን መርጦ እንዲያስነሣ ያደርግ ነበር። አሠራሩ ግልጽ ነው፦ በሩን አልሰበረም፤ ሌላ ክፍል ቀጠለ። ይሁንና እጅግ ቀጫጭን ሽቦዎችን መበየድ ይጠይቅ ስለነበር ለጀማሪ እጅ የሚሆን አልነበረም።

በ2007 የተሰማው ወሬ ከሁሉም ይልቅ የማይታመን ነበር። «ጡብ የሆነውን ፒኤስፒ ባትሪ ያስነሣዋል» ተባለ። ባትሪ ኃይል ከመስጠት በቀር ምን ያውቃል? ሆኖም ወሬው እውነት ነበር። በፒኤስፒ ባትሪ ውስጥ መለያ ቁጥር የያዘች አነስተኛ ሚሞሪ አለች። ያ ቁጥር ወደ አንድ የተለየ እሴት ሲለወጥ መሣሪያው በጥገና ባለሙያ እጅ እንዳለ ቆጥሮ ከውስጥ ፍላሹ ይልቅ በልዩ ሁኔታ ከተዘጋጀ ሚሞሪ ካርድ ይነሣል። የፓንዶራ ባትሪ የሚል ስም የወጣለት ይህ ዘዴ ብዙ የሞቱ መሣሪያዎችን ወደ ሕይወት መልሷል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ለገበያ የቀረበው ኒንቴንዶ ስዊችም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። በኤፕሪል 2018 ኬት ተምኪን የተባሉ የኮምፒዩተር ተመራማሪ የመሣሪያው ፕሮሰሰር ገና ሲነሣ በሚያነበው፣ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ በማይለወጠው ፕሮግራም ውስጥ ጉድለት መኖሩን ይፋ አደረጉ። መሣሪያው በጥገና ሁኔታ ሲነሣ በዩኤስቢ የሚመጣለትን መልእክት ርዝመት በትክክል አይቆጣጠርም ነበር። ወደዚያ ሁኔታ ለመግባት በቀኝ በኩል ያለውን መያዣ አውጥቶ አንዲትን የኤሌክትሪክ ነጥብ በሽቦ ቁራጭ ማገናኘት ብቻ ይበቃ ነበር። «በወረቀት መያዣ ሽቦ ይከፈታል» የሚለው ወሬ ለሰሚው ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን ጉድለቱ በዝርዝር ተጽፎ ቀረበ፤ በዚያው ሰሞን ፌይልኦቨርፍሎው የተባለ ሌላ ቡድንም ያንኑ ጉድለት በራሱ መንገድ ማግኘቱን አስታወቀ።

እነዚህን ታሪኮች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ትምህርታቸው ግልጽ ይሆናል። የ2005ቱ ፕሮግራም የሚመስል ነበር፤ ሐሰት ሆነ። የ2007ቱ ባትሪና የ2018ቱ ሽቦ የማይመስሉ ነበሩ፤ እውነት ሆኑ። እንግዲህ «ይመስላል» እና «አይመስልም» የሚባሉት ሚዛኖች ብቻቸውን አይረዱንም።

ወርቅ የመሰለው ብረት

በአገራችንም ይህን የሚያስተምር ታላቅ ጉዳይ ተከስቶ ያውቃል። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከገዛቸው የወርቅ ጡቦች መካከል ወርቅ የተቀባ ብረት መገኘቱ ይፋ ሆነ። የመጀመሪያው ምልክት የታየው ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከ ጭነት «ይህ ወርቅ አይደለም» ተብሎ በተመለሰ ጊዜ ነው። የጡቦቹ መልክ ያማረ ነበር። ይሁን እንጂ መልክ ማለት የላዩ ቀለም ብቻ ነው።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሚያውቀው ሕግ እዚህ ላይ ይሠራል። 1 ኪሎ ግራም ወርቅ 52 ኩብ ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ሲይዝ፣ 1 ኪሎ ግራም ብረት 127 ኩብ ሴንቲ ሜትር ያህል ይይዛል። ውኃ የሞላ ዕቃና ሚዛን ያለው ሰው ሁለቱን ሊለይ ይችላል። ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ተንግስተን የተባለው ብረታ ብረት ጥግግቱ ከወርቅ ጋር ሊነጻጸር የማይቻል ያህል ይቀራረባል፤ የወርቅ 19.3፣ የተንግስተን 19.25 ነው። ስለዚህ በውኃና በሚዛን የሚደረገው ፈተና ብረትን ያጋልጣል፤ ተንግስተንን ግን ያሳልፋል። ፈተና ሲመረጥ «የትኛውን ሐሰት ያጋልጣል? የትኛውንስ ያሳልፋል?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ስለ ቺፕ ለሚነገረው ወሬም የሚያስፈልገን ይኸው አስተሳሰብ ነው።

አራቱ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ «በየትኛው በር ይገባል?» የሚል ነው። ሻጩ ወይም አውሪው ቺፑ ከመሣሪያው የትኛው አካል ጋር እንደሚገናኝና ምን እንደሚለውጥ ሊናገር ይገባዋል። ምስጢሩን ሁሉ ይግለጥ አንልም። ሆኖም «ለሁሉም መሣሪያ፣ ለሁሉም ሶፍትዌር፣ ያለ ብየዳ ይሠራል» የሚለው ቃል የሚያስጠረጥር ነው። እውነተኛ ዘዴ ወሰን አለው። የስዊቹ ጉድለት ቀድመው በተመረቱት መሣሪያዎች ላይ እንጂ አምራቹ ካረማቸው በኋላ በወጡት ላይ አይሠራም ነበር፤ ይህንንም ያገኙት ሰዎች ራሳቸው ተናግረዋል። ወሰኑን የሚናገር ሰው ቢያንስ ለመፈተን ፈቃደኛ ነው።

ሁለተኛው «ከባለቤቱ ሌላ ማን በእጁ ሞከረው?» የሚል ነው። ቪዲዮ የአንድ ቀን ሥራ ነው። በመሣሪያው ስክሪን ላይ የሚታየው ጨዋታ ተቀርጾ የተቀመጠ ፊልም ሊሆን ይችላል፤ ከካሜራው ውጭ በገመድ የተገናኘ ሌላ መሣሪያም ሊኖር ይችላል። ይህን በቁጥር እናስላው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ስለ ቺፕ 100 ወሬዎች ሰማን እንበል፤ 5ቱ እውነት፣ 95ቱ ሐሰት ይሁኑ። እውነተኞቹ 5ቱም ቪዲዮ አላቸው፤ ከሐሰተኞቹ ደግሞ 40ዎቹ ቪዲዮ አዘጋጅተዋል። ቪዲዮ ያለው ወሬ ሲያጋጥመን ከ45ቱ አንዱ ነው፤ እውነት የመሆን ዕድሉም ከ45 አምስት፣ ማለትም 11 በመቶ ገደማ ነው። አሁን ደግሞ ጥቅም የሌለው ሌላ ሰው በራሱ መሣሪያ ሞክሮ «ሠራልኝ» ያለባቸውን እንቁጠር። ከ5ቱ እውነተኞች 4ቱ፣ ከ95ቱ ሐሰተኞች 1 ብቻ ይህን ምስክር አገኙ እንበል። ያን ጊዜ ዕድሉ ከ5 አራት፣ ማለትም 80 በመቶ ይሆናል። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፤ ስሌቱ ግን የሁልጊዜ ነው። የማስረጃ ክብደት የሚለካው እውነተኞቹ ስለሚያሟሉት ብቻ ሳይሆን ሐሰተኞቹ ሊያሟሉት ስለማይችሉ ነው።

ሦስተኛው «ሐሰት ቢሆን ኖሮ ምን እናይ ነበር?» የሚለው ሲሆን ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ወሬ ብዙ ጊዜ የራሱን ፈተና ይዞ ይመጣል፤ ያ ፈተና ግን እንዲያልፍ ሆኖ የተሰፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በሳዑዲ ዓረቢያ የተከሰተውን እናስታውስ። አሮጌ የሲንጀር የልብስ ስፌት መኪናዎች «ቀይ ሜርኩሪ» የተባለ ውድ ንጥረ ነገር ይዘዋል የሚል ወሬ ተነዛ። የአንዳንዱ መኪና ዋጋ እስከ 200 ሺህ ሪያል ደርሶ እንደነበር በወቅቱ ተዘግቧል። ወሬው ፈተናም ነበረው፦ «ተንቀሳቃሽ ስልክ በመርፌው አጠገብ ያዙ፤ መስመሩ ከተቋረጠ ሜርኩሪው አለ።» እንዲህ ያለ ንጥረ ነገር መኖሩ ከቶ ተረጋግጦ አያውቅም። ስልክም በብዙ ምክንያት ይቋረጣል።

ያን ፈተና እውነተኛ ለማድረግ ምን ይጎድለው ነበር? ማነጻጸሪያ። ስልኩን በሲንጀሩ መርፌ አጠገብ ሃያ ጊዜ፣ በሚስማር አጠገብ ሃያ ጊዜ፣ ምንም በሌለበት ጠረጴዛ ላይ ሃያ ጊዜ መያዝና መቋረጡን መቁጠር ይገባ ነበር። በሦስቱም ቦታ ቁጥሩ ከተቀራረበ መርፌው ምንም አልተናገረም ማለት ነው። ስለ ቺፕም እንዲሁ ነው። ቺፑ የገባለት መሣሪያ ጨዋታውን ከከፈተ፣ ያልገባለት ተመሳሳይ መሣሪያስ አይከፍተውምን? ቺፑ ሲወጣስ መሣሪያው ወደ ቀድሞው ይመለሳልን? ይህን ሳንጠይቅ «ሠራ» ብንል ያየነው ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን አይደለም።

አራተኛው «ከሳተ ማን ይከፍላል?» የሚል ነው። ገንዘብ አስቀድሞ የሚጠየቅበት፣ መሣሪያው ቢበላሽ ተጠያቂ የሌለበት፣ ጊዜው ነገ ያልቃል እየተባለ የሚያስቸኩል ነገር ኪሳራውን ሁሉ በገዢው ላይ የጣለ ነው። በዋጃ ወይም በቆቦ ያለ አንድ ተማሪ ከሪያድ የተላከለትን መሣሪያ ጡብ ካደረገ የሚተካለት የለም። ያ መሣሪያ የእኅት የወራት ላብ ነው። ስለዚህ የጥርጣሬያችን መጠን ከምናጣው ነገር ጋር መመጣጠን አለበት።

በእጃችን ያለው ሙከራ

«ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ስንቶቻችን ግን ፒኤስፒ ወይም ስዊች አለን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኛም በሁሉም እጅ ወዳለው ዕቃ፣ ወደ ሚሞሪ ካርድና ፍላሽ እንለፍ። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ማታለል ስለ ቺፕ ከሚነገረው ሐሰት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ መፈተኛውም በማንኛውም ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ላይ ይገኛል።

በእያንዳንዱ ካርድ ውስጥ ሁለት አካላት አሉ፦ መረጃው የሚቀመጥበት ሚሞሪና ከውጭ ለሚመጣው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ተቆጣጣሪ። «ስንት ትይዛለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው ተቆጣጣሪው ነው። አታላዩ 8 ጊጋባይት በሚይዝ ካርድ ተቆጣጣሪ ላይ «64» የሚል መልስ ይጽፍበታል። ኮምፒዩተሩም ሆነ ስልኩ ይህን አምኖ 64 ብሎ ያሳያል። ተጠቃሚው ፋይሎቹን ሲጭን እስከ 8 ጊጋባይት ድረስ ሁሉም ደኅና ነው። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ወይ ይጠፋል፣ ወይ በፊተኛው ላይ ይደረባል። የፋይሎች ስም ዝርዝር የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ በካርዱ መነሻ ላይ ስለሆነ የሁሉም ስም መታየቱን ሊቀጥል ይችላል። የሠርግ ፎቶግራፍ ስሙ አለ፤ ሲከፈት ግን ባዶ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍም እንዲሁ። ማታለሉ የሚታወቀው መረጃው ከጠፋ በኋላ መሆኑ ጉዳቱን ያከብደዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ካርዱ ላይ የታተመውን ቁጥር ማየት አይረዳም። ኮምፒዩተሩ የሚያሳየው ቁጥርም ቢሆን በሁለት በኩል ያሳስታል። 64 ጊጋባይት የተባለ ትክክለኛ ካርድ በብዙ ኮምፒዩተር ላይ 59.6 ገደማ ሆኖ ይታያል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አምራቹ አንድ ጊጋባይትን 1,000,000,000 ባይት ብሎ ሲቆጥር ኮምፒዩተሩ 1,073,741,824 ባይት ብሎ ይቆጥራል። ይህን የማያውቅ ሰው ደኅናውን ካርድ ሐሰተኛ ይለዋል፤ ሐሰተኛውንም ትክክለኛ ቁጥር ስላሳየ ብቻ ያምነዋል።

እርግጠኛው ፈተና ካርዱን እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ ማንበብ ነው። ለዚህ የተዘጋጁ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሲቲ በተባለው የጀርመን የኮምፒዩተር መጽሔት በኩል የወጣው ኤችቱቴስትደብልዩ እና በሊኑክስ ላይ የሚሠራው ኤፍሦስት የታወቁ ናቸው። ሁለቱም በካርዱ ላይ አስቀድሞ የሚታወቅ ቁጥር ከመነሻው እስከ መጨረሻው ይጽፋሉ፤ ከዚያም አንብበው ያመሳክራሉ። 64 የተባለው ካርድ 8 ብቻ ከመለሰ ጉዳዩ አለቀ። ፕሮግራሙን ማግኘት ያልቻለ ሰው በይዘታቸው የሚለያዩ ትልልቅ የቪዲዮ ፋይሎችን ካርዱ እስኪሞላ ጭኖ፣ ካርዱን አውጥቶ መልሶ ካስገባ በኋላ እያንዳንዱን ከመጀመሪያው ጋር ማመሳከር ይችላል። ሥራው ሰዓታት ይወስዳል፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሙከራው ካርዱ ባዶ ሳለ፣ የሚወደድ ነገር ሳይገባበት መደረጉን ግን አደራ እንላለን።

ይህ ሙከራ ከላይ ያልናቸውን መስፈርቶች ሁሉ ያሟላል። ሐሰቱ የት ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ማንም ሰው በራሱ እጅ ሊደግመው ይችላል፤ ሻጩ ቢምልም ባይምልም ውጤቱ አይለወጥም።

ሁሉንም መካድም ስንፍና ነው

ሁለት ተቃውሞዎች ሊቀርቡብን ይችላሉ። አንዱ «እንዲህ ከሆነ ምንም አለማመን አይሻልምን?» የሚል ነው። አይሻልም እንላለን። ሁሉን የሚያምንና ሁሉን የሚክድ ሰው አንድ ጠባይ ይጋራሉ፤ ሁለቱም አልመረመሩም። በ2007 «ባትሪ መሣሪያ አያስነሣም» ብሎ የሳቀ ሰው፣ በሳቁ ምክንያት መዳን የሚችል ፒኤስፒ ጥሎ ይሆናል። የሳይንስ ሰው «እስኪ ይፈተን» ይላል። ዘር የሚገዛ ገበሬ ከነጋዴው ጋር ከመሟገት ይልቅ መቶ ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ቢጠቀልልና ስንቱ እንደበቀለ ቢቆጥር ይህንኑ አደረገ ማለት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሕግና የሥነ ምግባር ነው። «ቺፑ እውነት ቢሆንስ መጠቀም ይገባልን?» እውነተኛነትና ተገቢነት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች አንዱ አድርጎታል። በውጭ አገርም ለስዊች ቺፕ ይሸጥ ከነበረው ቲም ዘኪዩተር ከተባለው ቡድን አባላት አንዱ ጋሪ ባውዘር እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ፍርድ ቤት የ40 ወር እስራት ተፈርዶበታል። ቺፑ ይሠራ ነበር፤ መሥራቱ ግን ከወንጀል አላዳነውም። በአገራችን ኩኩሉን የመሰሉ ጨዋታዎችን የሠሩ ወጣቶች አሉ። የሌላውን ድካም በነጻ መውሰድን የለመደ ገበያ የእነሱንም ድካም አያከብርም። መሣሪያን ከፍቶ አሠራሩን ማወቅ፣ የሞተውን ማስነሣት፣ የራስን ፕሮግራም ጽፎ ማስኬድ የሚመሰገን ትጋት ነው፤ የሰውን ሥራ ሰርቆ መሸጥ ከዚህ ጋር አይቆጠርም።

ምን ይደረግ?

አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለዋል፤ «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል»ም ብለዋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ችግሩ «እያደር» በሚለው ቃል ውስጥ ያለው ጊዜ ነው። እውነቱ እስኪጠራ ድረስ ገንዘብ ይወጣል፣ መሣሪያ ይበላሻል፣ ፎቶግራፍ ይጠፋል። ፈተና ማለት ያንን ጊዜ ማሳጠሪያ ነው።

ስለዚህ በዋጃ፣ በቆቦና በአካባቢው ባሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላሉ የሳይንስ ክበባት አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። አንድ ደብተር ይክፈቱ። በየገጹ አንድ ወሬ ይጻፍ፦ ምን ተባለ፣ ማን ሞከረው፣ ሐሰት ቢሆን ምን ይታያል? ከፈተናው በፊት የሚጠበቀው ውጤት ይመዝገብ፤ ከፈተናው በኋላ የተገኘው ከጎኑ ይስፈር። አስቀድሞ መጻፉ ዋና ነገር ነው፤ ውጤቱን ካየ በኋላ «እኔም ብዬ ነበር» የማይል የለምና። በሚሞሪ ካርድ ይጀመር፤ ርካሽ ነው፣ ለሁሉም ይጠቅማል። አንድ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ክፍል የሚያመጡትን ካርድ ሁሉ የሚፈትን ክበብ ለከተማው ሕዝብ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል።

በዩኒቨርሲቲ ያላችሁ የአካባቢው ልጆች ደግሞ ለዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ የፈተናውን ፕሮግራም በፍላሻችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ወሬ እንደሆነ ያለ እናንተም ይደርሳል፤ የሚያስፈልገው መፈተኛው ነው።